ሽንኩርት ሰባት ቀን አይጠብቅም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በደንቢያም ሆነ በጎንደር ዙሪያ የመስኖ ፈረቃ በሳምንት አንዴ በሚደርስበት ቦታ፣ ሽንኩርት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት በዚያው ቀን፣ ለዚያው ሰዓት ያህል ይጠጣል። ምርቱ ሲያንስ የሚወቀሰው የውኃው ማነስ ነው። እኛ ግን አመዳደቡን እንወቅሳለን።

ከአፈሩ የሚተነውና ተክሉ በቅጠሉ የሚያወጣው ውኃ ሲደመር፣ በታኅሣሥ ችግኙ ገና ሲይዝ በቀን 3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። በየካቲት መጨረሻ፣ ራስ ሲቋጥር፣ 5 ያልፋል። 1 ሚሊ ሜትር በሩብ ሄክታር ላይ 2,500 ሊትር ነው። የሽንኩርት ሥር ደግሞ አጭር ነው። ዋልካ፣ ማለትም ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ጥቁር ሸክላማ አፈር፣ በዚያ ጥልቀት፣ ተክሉ ሳይቸገር የሚመጠው ውኃ 20 ሚሊ ሜትር ያህል ቢይዝ ነው። በ4ኛው ቀን አለቀ ማለት ነው። ቀሪውን 3 ቀን ሽንኩርቱ እንደ ጎመን ጠውልጎ አያሳውቅም፤ ዝም ብሎ ራሱ ያንሳል። ዋልካው ከተሰነጠቀማ ቀጣዩ ውኃ በስንጥቁ ወደ ታች ይሰምጣል። ለማካካስ ሌሊቱን ሙሉ መልቀቅም ሥሩን አየር ማሳጣት ነው፤ ቅጠሉ ቢጫ ሲሆን ደግሞ «ማዳበሪያ አነሰው» ተብሎ ዩሪያ ይጨመርበታል!

ተራውን የሚደለድሉት የውኃ አባቶች ከየካቲት ጀምሮ ረጅሙን ፈረቃ ለሁለት ቢከፍሉት ያው ውኃ ይበቃል። ሰዓቱ በግምት አይሁን። የሞተሩ ቱቦ 200 ሊትር በርሜል በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ይቆጠር፤ በ25 ከሞላ በሰከንድ 8 ሊትር ይሰጣል። ለ4 ቀን የሚያስፈልገው 21 ሚሊ ሜትር፣ በሩብ ሄክታር 52,500 ሊትር ነው። በቦይ ከሚለቀቀው 60 በመቶው ሥር ጋ ይደርሳል ብንል 87,500 ሊትር መልቀቅ ያሻል፤ 3 ሰዓት ይፈጃል። በታኅሣሥ ለዚያው 4 ቀን የዚህ ግማሽ ያህል ይበቃል።

ቀኑን የሚነግረን አፈሩ ነው። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ ጭብጥ አፈር ማውጣት፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል መዳመጥ። እንደ ጥብጣብ ከተሳበ ውኃው ይቆይ፤ አድቦልቡለው ሲጫኑት ከተፈረፈረ ዘግይቷል።

ግማሽ ያህሉ ቅጠል ከአንገቱ ሲተኛ ማጠጣት ጨርሶ ይቁም። ከዚያ በኋላ የጠጣ ሽንኩርት አንገቱ ስለማይደርቅ ጎተራ ገብቶ ይበሰብሳል። ያ ተራ ዘግይቶ ለተከለ ጎረቤት ይለፍ።

የመስኖ ባለሙያዎች፣ ከጎንደር