ግልጽ ደብዳቤ፦ ስለ ታሸገው የመስታወት ሕንፃና በውስጡ ስለሚሠሩት ሰዎች

ይድረስ ለሕንፃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ

ክቡር ኃላፊ፣

በዚህ ጉዳይ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመልክተናል። ሦስቱንም ጊዜ «ለሚመለከተው ክፍል ተመርቷል» ተባልን። የመጠቀሚያ ፈቃዱን የፈረመው የእርስዎው መሥሪያ ቤት ስለሆነ አራተኛውን በአደባባይ ጽፈናል።

የጸደቀው የሕንፃው ፕላን በምዕራብ በኩል ሰን ብሬከር (ፀሐይን ከውጭ የሚከልል መከለያ) እና የሚከፈቱ መስኮቶች ነበሩት። የተሠራው ግን ከታች እስከ ላይ የታሸገ መስታወት ነው። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የወጣው የሕዝብን ጤናና ደኅንነት ለመጠበቅ እንደሆነ ለእርስዎ ማስረዳት አይጠበቅብንም።

ከሰዓት በኋላ ዘጠነኛ ፎቅ ይውጡ። ሠራተኞቹ መስታወቱን በካርቶን ሸፍነውታል። ካርቶኑ ብርሃን ስለከለከለ በጠራራ ፀሐይ አምፖል ይበራል። አንዲት ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ወንበሯን ወደ አደጋ ጊዜ መውጫው ደረጃ አስጠግታ ትሠራለች፤ ትንሽ አየር የሚመጣው ከዚያ ነው። ለዚህም ሲባል የእሳት መከላከያው በር በወረቀት ካርቶን ተደግፎ ቀኑን ሙሉ ክፍት ይውላል። እሳት ቢነሳ ጭሱ የሚገባው ሰዎች በሚወርዱበት ደረጃ ነው።

በመጋቢት አጋማሽ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። 60 ሳንቲ ሜትር የወጣ አግድም ጥላ ያን ጊዜ በምዕራብ መስኮት ላይ የሚከልለው 35 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ያው ጥላ በደቡብ በኩል በታኅሣሥ እኩለ ቀን 95 ሳንቲ ሜትር ያህል ይከልላል። ፕላኑ ለምዕራቡ ቁምና ዘንበል ያለ ሰን ብሬከር ያዘዘው ለዚህ ነበር። የውስጥ መጋረጃ አይተካውም፤ ፀሐይዋ መስታወቱን ካለፈች ሙቀቱ ክፍሉ ውስጥ ቀርቷል።

ባለንብረቱ «ኤሲ አስገብቻለሁ» ይላል። ያስገባው ስፕሊት ነው። ስፕሊት የክፍሉን አየር መልሶ መላልሶ ያቀዘቅዛል እንጂ ከውጭ አያስገባም። በእኛ ከፍታ ደግሞ አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ያንኑ ሙቀት ለማውጣት ብዙ አየር መንፋት ይኖርበታል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ የሚያነሳው ሊፍቱንና አምፖሉን ብቻ ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ይዘው ይግቡ፦ ውጭ 420 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 420ው) ገደማ ያነባል፤ ውስጥ ከ1,000 ካለፈ ለሰዉ የሚበቃ ንጹሕ አየር እየገባ አይደለም። ራስ ምታቱና ድብታው የስንፍና አይደለም።

«ረጅም ፎቅ ላይ መስኮት አይከፈትም» የሚለውን መልስ አንቀበልም። ፍራንክፈርት ውስጥ በ1997 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው የኮሜርዝባንክ ሕንፃ 259 ሜትር ነው፤ ሠራተኞቹ መስኮት ይከፍታሉ። የውጭው መስታወት ነፋሱን ይሰብራል፣ የውስጡ ይከፈታል። ክረምትም በጋም ሌሊቱ በሚቀዘቅዝባት አዲስ አበባ ይህ ይበልጥ ይቀላል፦ ማታ ከላይ ያሉት ትንንሽ መስኮቶች ቢከፈቱ ስላቡ (የወለሉና የጣሪያው ኮንክሪት) ቀዝቅዞ ያድራል፤ ኮንክሪቱን በጂፕሰም ኮርኒስ ሙሉ በሙሉ እስካልሸፈኑት ድረስ።

የምንጠይቀው ፕላኑና ሕንፃው ጎን ለጎን እንዲታዩ፣ የምዕራቡ ገጽ በፕላኑ መሠረት እስኪታረም የመጠቀሚያ ፈቃዱ እንዲታገድ ነው። የዘጠነኛው ፎቅ በር ግን ያን ሁሉ አይጠብቅም፤ ነገ ጠዋት ተቆጣጣሪ ይላኩ።