ለታቲያና ማክፋደን፣ ዘንድሮም ከመሙ ዳር ላልተለያችሁ ሁሉ

የተከበሩ ታቲያና፣

የሜሪላንድ ትምህርት ቤቶች የጸደይ አትሌቲክስ ወቅት በሰላም ተጠናቋል። የተማሪ ሯጮችን የመወዳደሪያ ዊልቸር የምንጠግን አማርኛ ተናጋሪ በጎ ፈቃደኞች ነንና ምስጋናችንን ከእርስዎ እንጀምራለን። ብዙ ሰው የሚያነሳልዎ እ.ኤ.አ. በ2013 የቦስተንን፣ የለንደንን፣ የቺካጎንና የኒው ዮርክን ማራቶን በዊልቸር ውድድር በአንድ ዓመት ማሸነፍዎን ነው። ለእኛ ግን የሚበልጠው ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ ያደረጉት ነው።

ያኔ ለብቻዎ፣ ሰው በሌለበት መም እንዲሮጡ ሲደረግ፣ ከእናትዎ ከወይዘሮ ዴቦራ ጋር ፍርድ ቤት ሄዱ። ካሳ አልጠየቁም። በ2006 ዳኛው ከሌሎቹ ጋር በአንድ ጊዜ እንዲሮጡ አዘዙ። በ2008 ሜሪላንድ ሕግ አወጣች፤ በ2013 የፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት ለአገሪቱ ትምህርት ቤቶች በሙሉ መመሪያ ላከ። ወላጆች ሆይ፣ የሜሪላንዱ ሕግ ትምህርት ቤት ልጁን ከቡድኑ ሊያስቀር የሚችልባቸውን ምክንያቶች አጥብቧቸዋል፦ ተጨባጭ የደህንነት አደጋ ካለ፣ ወይም የስፖርቱ መሠረታዊ ባሕርይ የሚለወጥ ከሆነ። «ልምዱ የለንም» የሚለው ሰበብ ከሁለቱም ውስጥ የለም።

የውድድር ዳኞች፣ የመሮጫ መስመር ቁጥሩን ከአንድ ቀን በፊት ስለነገራችሁን እጅ ነሥተናል። ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ አይደለም። ሯጩ ሁለቱም እጆቹ ጎማ በመግፋት ስለተያዙ፣ መታጠፊያው ላይ የፊት ጎማውን የሚያዞርለት ኮምፔንሴተር የሚባል መሣሪያ ነው፤ ሲገባ በመዳፉ መታ ያደርገዋል፣ ሲወጣ ይመልሰዋል። መሣሪያው በምን ያህል እንደሚያዞር ቀድሞ በብሎን ይስተካከላል። መደበኛ የ400 ሜትር መም ላይ የመጀመሪያው መስመር መታጠፊያ ሬዲየስ 36.5 ሜትር ነው፤ ስምንተኛው ወደ 45 ሜትር ይደርሳል። ለአንደኛው የተስተካከለ ዊልቸር ስምንተኛው ላይ ሲገባ ከሚገባው በላይ ይታጠፍና ወደ ጎረቤት መስመር ይሳባል። ልጁ በእጁ ሊያቃናው ሲል ደግሞ ግፊቱ ይቋረጣል። ከሩጫው አሥር ደቂቃ በፊት መስመር መቀየር ማለት ይህ ነው።

የብስክሌት ጠጋኞቻችን፣ ጎማ በማስቲሽ ለጥፋችሁ ሌሊቱን እንዲደርቅ ስለተዋችሁ፣ ልጆቹ ቢቸኩሉም ስላልሰማችኋቸው እናመሰግናለን። የኋላ ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ስለሆኑ መታጠፊያ ላይ ወደ ጎን ይገፋሉ፤ በደንብ ያልያዘ ማስቲሽ የሚላቀቀው እዚያ ነው። ኩሽኔታዎቹን ስላጸዳችሁም እንዲሁ።

ሾፌሮች፣ ወደ 1.8 ሜትር የሚጠጋ ዊልቸር አውቶቡስ ውስጥ ስታስገቡ የኋላ ጎማዎቹን አውልቃችሁ፣ የፊተኛው ላይ ሻንጣ ሳትጭኑ ነበር። የተጫነ ሻንጣ የትናንቱን ማስተካከያ በሙሉ ያዛባል፤ ይህንን ሳንነግራችሁ ማወቃችሁ ገርሞናል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ እናቶችና አባቶች። ታቲያና እንዳለባቸው ስፓይና ቢፊዳ (ከመወለድ በፊት የሚጀምር የአከርካሪ አፈጣጠር ጉድለት) ያለበት ልጅ ከወገቡ በታች ቆዳው ሲላጥ ብዙ ጊዜ አይሰማውም። ተንበርክኮ በጠባብ መቀመጫ ውስጥ ከሠራ በኋላ ጉልበቱን፣ ዳሌውንና ቁርጭምጭሚቱን በየልምምዱ ማብቂያ አይታችኋል። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ያልጠፋ መቅላት ሲታያችሁም ልጁ ቢያለቅስም ወንበሩ ላይ አላስቀመጣችሁትም። ትክክል ነበራችሁ፤ ሐኪም ሳያየው አይመለስ።

ለሚቀጥለው ወቅት ለምትመዘግቡ፦ ጥያቄያችሁን ለትምህርት ቤቱ የስፖርት ኃላፊ በጽሑፍ፣ የቡድኑ ምርጫ ሳይጀመር አድርሱ፤ ቅጂውንም ያዙ። የመወዳደሪያ ዊልቸር በልጁ ልክ ስለሚሠራ ትእዛዙ ወራት ይፈጃል። «ያድግበታል» ብላችሁ ሰፊ አታሰፉ፤ የሚላላ መቀመጫ ቆዳ ይልጣል፣ ጉልበትም ያባክናል። ልኬቱን መውሰድ እናግዛለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዊልቸር ጥገና በጎ ፈቃደኞች፣ ሜሪላንድ