ያልሞተ አበባ አይጣል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ደሴ ከተማ ውስጥ ዕድሜዬን ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ በጡረታ የተገለልሁ መምህርት ነኝ። ነሐሴ ሲገባ በየዓመቱ የሚያንገበግበኝ ነገር ዘንድሮም ስለጀመረ ይህን ደብዳቤ ልኬላችኋለሁ። መሥሪያ ቤቶች አዲሱን በጀት ይዘው ኮሪደር ቀለም ያስቀባሉ፤ ቤቶችም ለእንቁጣጣሽ ይጸዳሉ። ከተሰበረው ወንበርና ከአሮጌው መጋረጃ ጋር የአበባ ጣሳውም ተያይዞ ይወጣል። ከሸዋበር ፒያሳ ባለው መንገድ ስሄድ ቆሻሻ ገንዳ ጥግ ቅጠሉ የተልፈሰፈሰ ሳንሴቬሪያ፣ አንገቱ የረዘመ እንዳሁላ፣ መልኩ የቀላ እሬት ወድቆ አያለሁ። አብዛኞቹ አልሞቱም። የሚያውቃቸው ሰው አጥተው ነው የተጣሉት።

አምና ስሙን ከማልጠቅሰው አንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ አንድ ሳንሴቬሪያ አንስቼ ወሰድሁ። ሳንሴቬሪያ በየባንኩና በየሆቴሉ መግቢያ የሚቀመጠው፣ ቅጠሉ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ዳርና ዳሩ ቢጫ መስመር ያለው ተክል ነው። የግቢው ጥበቃ “ቲቸር፣ ይሄማ አልቆለታል፤ ምን ያደርግልዎታል?” አሉኝ። እዚያው ፊታቸው ዕቃውን ዘቅዝቄ መታ መታ ሳደርገው ተክሉ ከነአፈሩ ወጣ፤ ሽታው ግን ቀድሞት ነበር። የሚያብረቀርቀው ነጭ ዕቃ ከታች ቀዳዳ የለውም። በየጠዋቱ የተጨመረው ውሃ መውጫ አጥቶ እግሩ ሥር ተኝቷል። ሥሩ ጠቁሮ ሙክክ ብሏል፤ በጣት ሲሳብ ልጣጩ እየተገፈፈ ቀጭን ክር ብቻ ይቀራል። መሐል ላይ ግን አፈር ውስጥ ተጋድሞ የሚያድገው ወፍራም ግንድ አለ። በጥፍሬ ጫን ስለው አልሰምጥ አለኝ፤ ጠንካራ ነው፣ ውስጡም ብርቱካንማ። ያ ግንድ ደኅና ከሆነ ተክሉ አለ ማለት ነው።

የበሰበሰውን በሙሉ በአልኮል በተወለወለ ቢላዋ ቆረጥሁ። የተቆረጠው ፊት ቆዳ እስኪያወጣ ጥላ ላይ ለቀናት አቆየሁት፤ ከዚያ በደረቅ አፈር ተክዬ ውሃ ከለከልሁት። እዚህ ላይ ነው ሰው ትዕግሥት የሚያጣው። አዲስ የተተከለ ነገር ወዲያው ውሃ ይፈልጋል ብለን ስለምናምን ገና ያልዳነ ቁስል ላይ ውሃ እናፈስበታለን። እኔ የጠበቅሁት ዛሬ በጎኑ አዲስ ቡቃያ አውጥቶ ቆሟል። ላባዛው ለሚል ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የዚህን ተክል ቅጠል ቆርጦ መትከል ይቻላል፤ ነገር ግን ከቅጠል የሚበቅለው ልጅ ቢጫውን መስመር አይወርስም፣ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። ቢጫው እንዲቀጥል ከተፈለገ የሚከፈለው ከነግንዱ ነው።

በየቤቱ ስጠራ ደጋግሜ የማየው ስሕተት ይኸው ነው። ቅጠል ተጨማደደ ማለት ተክሉ ውሃ ጠማው ማለት ብቻ ይመስለናል። ከማጠጣታችሁ በፊት ጣታችሁን እስከ ሁለተኛው አንጓ ድረስ አፈሩ ውስጥ ክተቱ። አፈሩ ደርቆ ቅጠሉ ከተጨማደደ በእርግጥ ጠምቶታል፤ ውሃው በቀዳዳው እስኪወጣ አጠጡት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቅጠሉ ይሞላል። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ቅጠሉ ከተጨማደደ ግን ሥሩ ሞቶ የሚጠጣበት አጥቷል። ያን ጊዜ አንድ ብርጭቆ ውሃ መጨመር መግደል ነው። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ውሃ ቋጥሮ በእጅ ሲነካ የሚፈርስ ከሆነም ምክንያቱ ያው የውሃ ብዛት ነው።

እነዚህ ቅጠለ ወፍራም ተክሎች ለምን በጥቂት ውሃ እንደሚኖሩ ተማሪዎቼን የማስረዳው በእንዳሁላ ነበር። አብዛኛው ተክል በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስገባል፤ በዚያው ቀዳዳ ውሃው በፀሐይ ይተንናል። የእንዳሁላ ወገኖች ግን ቀን ይዘጉታል። ሌሊት በቀዝቃዛው አየር ከፍተው ያስገቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ አስቀምጠው፣ ሲነጋ ቀዳዳውን ዘግተው ምግብ ይሠሩበታል። ይህ አሠራር በሳይንስ የተጠራው እንዳሁላ ባለበት በክራሱላሲ ቤተሰብ ስም ነው። በጓሯችን የምንረግጠው ቅጠል የዓለም መማሪያ መሆኑን ስነግራቸው ልጆቹ ፊታቸው ይበራ ነበር።

ስለ መለየት ትንሽ ልበል፤ ማዳን የሚጀምረው ከዚያ ነውና። እሾሃም ወፍራም ተክል ሁሉ ካክተስ አይደለም። ካክተሶች፣ በለስን ጨምሮ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም የመጡት ከአሜሪካ አህጉር ነው። ቁልቋልና ቅንጭብ ደግሞ የእኛው የአፍሪካ ልጆች ናቸው። በለስን ወይም ሌላ ካክተስን ብታዩ እሾሁ የሚወጣው ከትንሽ ጸጉራም ነጥብ ላይ ነው፤ ቁልቋል ያ ነጥብ የለውም፣ እሾሁም ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል። ጫፉ ሲቆረጥ ነጭ ወተት ካፈሰሰ ብዙውን ጊዜ የቁልቋል ወገን ነው። ወተቱ ዓይን ከነካ በብርቱ ስለሚጎዳ በጓንት ያዙት፣ ልጆችንም አርቁ፤ ድንገት ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውሃ አጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መሄድ ነው። እሬትና ቃጫም ይምታታሉ። የእሬት ቅጠል ሲሰበር ቀጥ ብሎ ይቆረጥና ዝልግልግ ፈሳሽ ያወጣል፤ የቃጫ ግን ክር ስላለው አልበጠስ ይላል። ልዩነቱ ለአትክልተኛ ትልቅ ነው፤ እሬት በየዓመቱ ያብባል፣ ቃጫ አንዴ አብቦ ይሞታል። ያበበ ቃጫ ሲደርቅ “አበላሸሁት” ብላችሁ አትዘኑ፤ ልጆቹን ከሥሩ ፈልጉ። የስልክ መተግበሪያም በፎቶ ስም ይናገራል፤ ጠቃሚ ነው፣ ነገር ግን የታመመ ቅጠል ብቻ ካሳያችሁት ይሳሳታልና ከእሾሁና ከወተቱ ጋር አመሳክሩ። ስም ራሱ ይቀየራል፤ ሳንሴቬሪያ በ2017 እ.ኤ.አ. ወደ ድራሴና ወገን ተዛውሯል፤ ስለዚህ በሁለቱም ስም ብታገኙት ግራ አይግባችሁ።

የአገራችን አየርም ከውጭ ከሚመጣው ምክር ጋር አይገጥምም። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ናት። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም በሐረጎ በኩል ሽቅብ ሲወጣ አየሩ በአማካይ 4 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ኮምቦልቻ በረንዳ ላይ ያማረው ተክል ኅዳር ላይ በሚኒባስ መጥቶ ደሴ በረንዳ ላይ ቢያድር ቅጠሉ ይጠቁራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊት ወደ ቤት አስገቡት፣ አፈሩም ደረቅ ይሁን፤ ብርድና እርጥበት ሲገናኙ ነው ሥር የሚበሰብሰው። የቀላው እሬትም ብዙ ጊዜ ብርድ ወይም ፀሐይ በዝቶበት እንጂ እየሞተ አይደለም፤ ቦታ ሲቀየርለት አረንጓዴው ይመለሳል።

የውጭ መጻሕፍት “ደቡብ መስኮት ላይ አስቀምጡ” ይላሉ። ያ ለአውሮፓ ነው። ደሴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ የምታዘነብለው ወደ ሰሜን ነው። በበጋ ፀሐይ የጠገበው የደቡብ መስኮት በክረምት፣ በዚያ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲጨመርበት፣ ጨለማ ይሆናል። እንዳሁላው አንገቱን የሚያስረዝመው በዚህ ጊዜ ብርሃን ሲፈልግ ነው። የረዘመ ግንድ መልሶ አያጥርም። ጫፉን ቆርጣችሁ ካደረቃችሁ በኋላ ትከሉት፤ ጉቶውም ከጎኑ ያቆጠቁጣል። ከጨለማ የወጣ ተክል ግን በአንድ ቀን ወደ ቀትር ፀሐይ አይውጣ፣ ይቃጠላል። የጠዋቷን ፀሐይ እያስለመዳችሁ አውጡት።

አፈር ላይ ብዙ አልልም። ዋልካ አፈር ለእነዚህ ተክሎች አይሆንም፤ ግማሹን የጓሮ አፈር፣ ግማሹን ሻካራ የወንዝ አሸዋ ከጥቂት የከሰል ስብርባሪ ጋር ቀላቅሉ። የቡና አተላና የተረፈ ሻይ ጣሳው ላይ መድፋት ይቅር፤ ስኳሩ ሻጋታና ትንኝ ይጠራል። በቅጠሉ ብብት ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ተባይ ነውና አልኮል በነከረ ጥጥ ጥረጉት።

የእነዚህን ተክሎች ጽናት የከተማችን ሰው በዓይኑ አይቷል። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ብዙዎቻችን ቤታችንን ዘግተን ወጣን። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ስንመለስ ፈርኑ በእጅ ሲነካ የሚደቅቅ ሆኖ ነበር። ቅጠለ ወፍራሟ የእንዳሁላ ዘመድ ክራሱላዬ ግን ቅጠሎቿ ቀጥነው፣ ግማሾቹ ወለሉ ላይ ረግፈው ጠበቀችኝ። ከረገፉት አንዳንዶቹ አፈር ሳይነኩ፣ ውሃ ሳያገኙ፣ ከተቆረጡበት ጫፍ ሐምራዊ የሥር ጸጉር አውጥተው፣ ከሥሩ ጎን የስንዴ ፍሬ የምታህል ቡቃያ ይዘው ነበር። ለቅሞ መትከል ብቻ ነበር የቀረኝ። የዚያች ክራሱላ ልጆች ዛሬ በጎረቤቶቼ ቤት ሁሉ አሉ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ አለኝ። ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ አበባ በመንገድ ዳር የምትሸጡ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ጣሳው ላይ የተክሉን ስም፣ ካልሆነም “ፀሐይ ይወዳል፣ ውሃ ጥቂት” የሚል ጽሑፍ ለጥፉልን። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች፣ ዕቃውን ስታስገዙ ከታች ቀዳዳ ያለው ይሁን፤ ከሌለው ይበሳ። የማጠጣቱን ሥራ ለአንድ ሰው ስጡት፣ ያለፈ ያገደመው ሁሉ አያጠጣው። ካላንቾ የሚባለው አበባው የሚያምር የእንዳሁላ ዘመድ ቢሯችሁ ካለና አላብብ ካለ፣ ሌሊት መብራት ይጠፋለት፤ እምቡጥ የሚቋጥረው ረጅም ጨለማ ሲያገኝ ነው። ማስወገድ ግድ ሲሆን ደግሞ በአቅራቢያ ላለ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ይሰጥ። ልጆች ሥር ቆርጠው፣ አድርቀው፣ ተክለው፣ ነፍስ ሲዘራ ቢያዩ ከየትኛውም ሥዕል የተሻለ ይማሩበታል። እኔም ለሚጠራኝ ክበብ ቢላዋና አልኮል ይዤ እመጣለሁ።

ለዝግጅት ክፍሉ ደግሞ፣ አንባቢ የታመመ ተክሉን ገልጾ የሚጠይቅበትና የሚያውቅ የሚመልስበት ትንሽ ቦታ ቢኖራችሁ መልካም ነው። ይህ ደብዳቤዬም የሚወጣ ከሆነ ከጳጉሜን በፊት ቢሆንልኝ እወዳለሁ፤ ቤቱ የሚጸዳው ጣሳውም የሚወጣው ያኔ ነውና።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛዋ የባዮሎጂ መምህርት
ከደሴ