ከሥዕሉ ሥር የሠዓሊውና የዘመኑ ነገር ይጻፍልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በዛሬዋ ሜክሲኮ ይኖሩ ስለነበሩት ስለ አዝቴኮች አወዳደቅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። እንዲህ ያለ ታሪክ በአማርኛ እንደ ልብ አይገኝም። ቅሬታዬ ከጽሑፉ በላይ ባለው ሥዕል ላይ ነው፤ ስፔናውያን ፈረሰኞች ጥሩር ለብሰው ወደ አዝቴኮች ዋና ከተማ ወደ ቴኖችቲትላን ሲገሰግሱ የሚያሳየው። ከሥሩ ያለው «የቴኖችቲትላን መያዝ፣ 1521» የሚል ብቻ ነው። ያየው ሰው በቦታው የነበረ ሠዓሊ የሣለው ይመስለዋል።

ሥዕሉ ግን የተሣለው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ከተማዋ ከወደቀች መቶ ዓመት አልፎ ማለት ነው። ሠዓሊው አይታወቅም። ወረራውን ከሚተርኩ ስምንት ሥዕሎች አንዱ ሲሆን፣ ዛሬ ዋሽንግተን በሚገኘው የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል። ታሪኩ የተነገረው በአሸናፊው ዓይን ነው፤ ጀግኖቹ የስፔኑ ጦር መሪ ኮርቴዝና ሰዎቹ ናቸው።

እስቲ ሌላ ሥዕል ከጎኑ እናድርግ። እ.ኤ.አ. በ1552 አካባቢ የትላስካላ ከተማ ሹማምንት ታሪካቸውን በትልቅ ጨርቅ ላይ አሣሉ። ዋናው ጠፍቷል፣ ቅጂዎቹ ግን አሉ። ትላስካላዎች የአዝቴኮች ባላንጣ፣ የኮርቴዝ አጋር ነበሩ። በጨርቁ ላይ ላባ ደፍተው፣ ጋሻ ይዘው ከስፔን ፈረሰኞች እኩል ይዋጋሉ። ኮርቴዝ ከአዝቴኮቹ ንጉሥ ከሞክቴዙማ ጋር ሲነጋገር ደግሞ ማሊንቼ ከወንበሩ ኋላ ቆማለች። አስተርጓሚዋ እሷ ናት። በእርግጥ ይሄኛውም ከወገንተኝነት ነፃ አይደለም። ትላስካላዎች ለስፔን ንጉሥ «ውለታችን አይረሳ» ሊሉበት ነው ያሣሉት። ቢሆንም አንድ ትልቅ እውነት ይዟል። በመጨረሻው ከበባ ስፔናውያኑ አንድ ሺህ እንኳ አይሞሉም ነበር። የአገሬው አጋሮቻቸው በአሥር ሺዎች ይቆጠሩ ነበር።

ፈንጣጣውስ? እ.ኤ.አ. በ1520 ገብቶ ሕዝቡን ፈጀው፤ ሞክቴዙማን የተካውን ኩይትላዋክን ሳይቀር ገደለው። እ.ኤ.አ. በ1577 በተጠናቀቀው፣ የአዝቴኮችን ነገር በጽሑፍና በሥዕል በሚተርከው የፍሎረንስ ጥራዝ በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ የአገሬው ሠዓሊዎች በሽተኞቹን ሥለዋቸዋል። ገላቸው ቁስል በቁስል ሆኖ ምንጣፍ ላይ ተኝተዋል። አንዲት ሴት አጠገባቸው ሆና ታስታምማለች። ለእኔ ከፈረሱም ከሰይፉም ይልቅ ከተማዋ እንዴት እንደተሸነፈች የሚነግረኝ ይህ ገጽ ነው።

እኛ የዓድዋን ሥዕሎች ስናይ አንታለልም። ጣሊያኖቹ በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን ይሣላሉ። የእኛዎቹ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ አለ። ሠዓሊው የማን ወገን እንደሆነ ወዲያው ይገባናል፣ ምክንያቱም አሣሣሉን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። የሜክሲኮውን ግን አናውቀውም። ስለዚህ እንዳለ እንቀበለዋለን። ልጆች ደግሞ ከኢንተርኔት አውርደው የቤት ሥራቸው ላይ ሲለጥፉት ነገሩ ይብሳል።

የምጠይቃችሁ ከባድ ነገር አይደለም። የታሪክ ሥዕል ስታወጡ ማን እንደሣለው፣ መቼ እንደተሣለና የት እንደሚገኝ ከሥሩ ጻፉልን። ሠዓሊው ካልታወቀም አይታወቅም በሉ። አንድ መስመር ይበቃል። ጽሑፉ ክፍል ሁለት አለው ብላችኋል፤ ያኔ የትላስካላውን ጨርቅ ወይም የፈንጣጣውን ገጽ ብታወጡልን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ