የመንገድ ደህንነት ክበብ፦ ዘንድሮ ያተኮርነው ሞተር ብስክሌት ማስነሳት ላይ ነው

ዓመቱን ስንጀምር እቅዳችን ረጅም ነበር። የትራፊክ ምልክት፣ የእግረኛ ማቋረጫ፣ የሚኒ ሚዲያ ዝግጅት። ጥቅምት ላይ ግን አንድ የ10ኛ ክፍል የክበባችን ልጅ ቁርጭምጭሚቱ በፋሻ ታስሮ መጣ። የአባቱን ሞተር ግቢ ውስጥ ሊያሞቅለት ብሎ፣ ከጎኑ ቆሞ፣ ፍሪሲዮን (የሞተሩን ኃይል ከጎማው የሚያቋርጠውን የግራ እጅ መያዣ) ይዞ አስነሳውና ወዲያው ፍሪሲዮኑን ለቀቀ። ለካ አንደኛ ማርሽ ላይ ኖሯል። ሞተሩ ተወርውሮ ከቆርቆሮ አጥሩ ጋር ተላተመ፣ ልጁንም ጎትቶ ጣለው። መንገድ እንኳ አልወጣም እኮ!

እቅዱን ቀየርነው። በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት የኔን ሞተር ሜዳው ላይ አቁመን ማስነሳት ብቻ ተለማመድን። መንዳት የለም፣ መንጃ ፈቃድ ያለው ተማሪ የለንማ።

መጀመሪያ ዜሮ ማርሽ፣ ማለትም ሞተሩ የትኛውም ማርሽ ውስጥ አለመሆኑ። ዜሮ መሆኑን የምታሳየውን አረንጓዴ መብራት ብቻ ማመን አያዋጣም፤ የኔ ሞተር አምፖሏ ከተቃጠለ ቆይቷል። ስለዚህ ፍሪሲዮን ሳይዙ ሞተሩን ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ገፋ ማድረግ ነው። ጎማው በቀላሉ ከተንከባለለ ዜሮ ነው፤ እምቢ ካለ ማርሽ ውስጥ ነው። ይህችን አንዲት ነገር ሁሉም በእጁ እስኪለምዳት ወር ፈጀብን፣ አልቆጨኝም።

ከዚያ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ በቀኝ እጅ የፊት ፍሬን፣ በግራ ፍሪሲዮን። ዜሮ ቢሆንም ይያዛል፤ ሰው ይሳሳታላ። ሞተሩ ከተነሳ በኋላም ፍሪሲዮኑ ቀስ ተብሎ ነው የሚለቀቀው። በእግር ለሚነሳው ደግሞ ጠንካራ ጫማ ግድ ነው፣ ፔዳሉ መልሶ ይመታል። በነጠላ ጫማ የመጡትን ሁሉ መልሰናቸዋል። የጎን ማቆሚያውን ሳያጥፉ መነሳትም ጣጣ ነው፤ ወደ ግራ ሲታጠፉ መሬት ይነካና ይጥላል።

ጠዋት ሲበርድ ቾክ (ቀዝቃዛ ሞተር እንዲነሳ ቤንዚኑን የሚያበዛው ማንሻ) ይሳባል፣ ሞተሩ ሲሞቅ ይመለሳል። በር ዘግቶ ቤት ውስጥ ማሞቅ ግን በጭራሽ! ከማርሚታው (ከጭስ መውጫው) የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሳይታወቅ ይገድላል። ዝናብ ሲመጣ ሞተሩን ቤት የሚያስገባ ብዙ ስለሆነ ይህንን ጠዋት ሰልፍ ላይ ደጋግመን ተናግረናል፤ ወላጆችም ይህን ካነበባችሁ አደራ።

ልጁ አሁን ድኗል። ሰኔ ላይ በወላጆች ቀን ያንኑ ሞተር አባቱ ፊት ገፋ ገፋ አድርጎ፣ ጎማውን አይቶ፣ ተቀምጦ አስነሳው።

ለከርሞ የሚጎድለን ሄልሜት ነው። ያለን አንድ ብቻ ነው። ትርፍ ያላችሁ አምጡልን፤ የተሰነጠቀ ወይም አደጋ ላይ የተመታ ግን አንቀበልም፣ ጭንቅላት አያድንም።