መጽሐፉ ከማለቁ በፊት የተበጠሰው ክር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ከመጽሐፍ ስለተወሰደው የቴሌቪዥን ድራማ ስለ «ጌም ኦፍ ትሮንስ» በተጻፈና በተወራ ቁጥር አንድ ፍርድ ይደጋገማል፤ «መጽሐፉ ሲያልቅ ድራማውም አለቀለት» የሚል። አጭር ስለሆነ ለአፍ ይመቻል፤ ክፍል በክፍል ለሚያመሳክር ሰው ግን አይቆምም። የኪነ ጥበብ ዓምዳችሁም ይህን ፍርድ እንደ ታወቀ ነገር እንዳያልፈው በማሰብ ይህን ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ድራማውን ጀምሮ ያልጨረሰ አንባቢ ካለ ደብዳቤውን ያቆየው፤ ፍጻሜውን ሳልናገር ነገሩን ማስረዳት አልችልም።

መጀመሪያ ጊዜውን እናስተካክል። የመጻሕፍቱ ደራሲ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ታሪኩን መጻፍ የጀመሩት በ1991 ሲሆን ያሰቡት ሦስት መጻሕፍት ነበር። እየጻፉ ሲሄዱ ዕቅዱ ወደ ሰባት አደገ። የመጀመሪያው በ1996፣ ሁለተኛው በ1998፣ ሦስተኛው በ2000፣ አራተኛው በ2005፣ አምስተኛው በጁላይ 2011 ታተሙ፤ ስድስተኛው እስካሁን አልወጣም። ኤችቢኦ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ ያሠራው ድራማ ኤፕሪል 17 ቀን 2011 ጀምሮ ሜይ 19 ቀን 2019 በ73ኛው ክፍል አበቃ። ሲዝን 1 የመጀመሪያውን መጽሐፍ፣ ሲዝን 2 ሁለተኛውን ይዟል። ሦስተኛው መጽሐፍ ወፍራም ስለሆነ ለሲዝን 3 እና 4 ተከፈለ። ሲዝን 5 ከአራተኛውና ከአምስተኛው ተመራርጦ የተሠራ ነው። ድራማው የታተመውን በሰፊው አልፎ የሄደው ከሲዝን 6 ጀምሮ ነው። ችግሩ የመጽሐፍ እጦት ቢሆን ኖሮ ስንጥቁ ከዚያ በፊት ባልታየ ነበር። የመጀመሪያው ትልቅ ስንጥቅ ግን ያለው ሲዝን 4፣ ክፍል 10 ላይ ነው፤ መጽሐፉ ከታተመ 14 ዓመት ሆኖት።

በሦስተኛው መጽሐፍ መጨረሻ ጄይሚ ወንድሙን ቲሪዮንን ከእስር ያስመልጠዋል። ሊለያዩ ሲሉ አንድ ምስጢር ይነግረዋል። ቲሪዮን በ13 ዓመቱ ያገባት ቲሻ በገንዘብ የመጣች ሴት አልነበረችም፤ ከልቧ የወደደችው የድሃ ልጅ ነበረች። ጄይሚ ያን ጊዜ የዋሸው አባታቸው ታይዊን ስላዘዘው ነው፤ በቲሻ ላይ የተፈጸመውን ግፍ ያዘዘውም ራሱ ታይዊን ነው። ቲሪዮን ይህን ሲሰማ ልቡ ይሰበራል። ወንድሙን ለማቁሰል፣ የጄይሚ የምስጢር ልጅ የሆነውን ንጉሥ ጆፍሪን አስመልክቶ «ጆፍሪን የገደልኩት እኔ ነኝ» ብሎ ይዋሻል። ከዚያ ደረጃውን ወጥቶ አባቱን ቲሻ የት እንደተሰደደች ይጠይቀዋል፤ መልሱን ሲሰማም በቀስት ይገድለዋል። ድራማው የቲሻን ታሪክ በሲዝን 1፣ ክፍል 9 በቲሪዮን አንደበት አስነግሮ ነበር። ዘሩ ተዘርቷል ማለት ነው። የአጨዳው ሰዓት ሲደርስ ግን ስሟ እንኳ አልተነሣም። ወንድማማቾቹ ተቃቅፈው ይለያያሉ፤ ቲሪዮንም የማምለጫው በር ተከፍቶለት ሳለ ለምን ወደ አባቱ መኝታ ክፍል እንደወጣ በቂ ምክንያት የለውም።

ትዕይንቱን ለብቻው ላየው ሰው ግሩም ነው፤ የተዋንያኑ ብቃትም አያጠያይቅም። በዚያ ሳምንት ያጉረመረሙት በአብዛኛው መጽሐፉን ያነበቡት ነበሩ። ጉዳቱ ለሌላው የታየው ከሲዝን 5 በኋላ ነው። በአምስተኛው መጽሐፍ ያለው ቲሪዮን በቁጭት የነደደ፣ የሚጠጣ፣ ባገኘው ሰው ላይ የሚናከስ፣ አደገኛ ሰው ነው። በድራማው ግን ለዚያ ሁሉ ምሬት መነሻ የሚሆነው ነገር ስለወጣ ደግ አማካሪ ከመሆን በቀር የሚሠራው አልነበረውም። «ቲሪዮን በኋለኞቹ ሲዝኖች ብልህነቱ የት ሄደ?» ብሎ ለሚጠይቅ ተመልካች መልሱን የምፈልገው እዚህ ነው።

አንባቢ ሁሉ ለውጥ ይጠላል ማለቴ አይደለም። ሲዝን 1፣ ክፍል 5 ላይ ንጉሥ ሮበርትና ንግሥት ሰርሲ ስለ ፈረሰ ትዳራቸው የሚነጋገሩበት ትዕይንት በመጽሐፉ የለም፤ አድናቂዎች ግን እስከ ዛሬ ያነሡታል። በሲዝን 2 አርያ ለታይዊን ወይን ስትቀዳም እንዲሁ ነው፤ በመጽሐፉ ጽዋ ተሸካሚ የምትሆነው ለሩዝ ቦልተን ነው። የመጽሐፉ ዴነሪስ ስትጀምር 13 ዓመቷ ነው፤ ጆን ስኖውና ሮብም 14 ገደማ ናቸው። ድራማው ሁሉንም በዕድሜ ከፍ አደረጋቸው፤ ይህን የተቃወመ ብዙም የለም።

ከሁሉ የሚያስተምረው የቀዩ ሰርግ፣ ሮብ ስታርክና ተከታዮቹ ለሰርግ ተጋብዘው በጋባዦቻቸው የታረዱበት ትዕይንት ነው። በመጽሐፉ ሮብ ጄይን ዌስተርሊንግን የሚያገባው አብሯት ካደረ በኋላ ክብሯን ለመጠበቅ ብሎ ነው። በድራማው ታሊሳ የምትባል ሌላ ሴትን በፍቅር ያገባል፤ በመጽሐፉ ሚስቱ ሰርጉ ላይ የለችም፣ በድራማው እዚያው ትገደላለች። ትልቅ ለውጥ ነው። ይሁን እንጂ የጥፋቱ መንስኤ፣ ማለትም ሮብ ከጋባዡ ከዋልደር ፍሬይ ልጆች አንዷን ሊያገባ የገባው ቃል መፍረሱ፣ አልተነካም። ስለዚህ ጁን 2 ቀን 2013 ክፍሉ ሲተላለፍ ድንጋጤው ሙሉ ነበር። ታሪኩን ከ2000 ጀምሮ የሚያውቁ አንባቢዎች ምስጢሩን አፍነው ይዘው፣ ያላነበቡ ወዳጆቻቸው ሲያዩ ፊታቸውን ቀረጹ። ማርቲን ይህን ሲጽፉ ከስኮትላንድ ታሪክ ሁለት ክፉ ቀኖችን አስበው ነው፤ በ1440 በኤዲንብራ ቤተ መንግሥት በማዕድ ላይ የተፈጸመውን ግድያና በ1692 በግሌንኮ አስተናጋጆቻቸውን የጨፈጨፉትን ወታደሮች። ዳቦና ጨው የቀመሰ እንግዳ አይነካም የሚለው የታሪኩ ሕግ፣ እንጀራ አብሮ ቆርሶ መካካድ ምን እንደሆነ ለሚያውቅ ለእኛ አገር ተመልካች ማብራሪያ አላስፈለገውም።

መጽሐፍ ሳይኖርም ያማረ አለ። ከስሙ በቀር ሌላ ቃል የማይናገረው የሆዶር ስም ከየት እንደመጣ የሚገልጠው ሲዝን 6፣ ክፍል 5 ሜይ 22 ቀን 2016 ሲተላለፍ በየትኛውም የታተመ ገጽ ላይ አልነበረም። ሐሳቡን ለአዘጋጆቹ ለዴቪድ ቤኒኦፍና ለዲ. ቢ. ዋይስ የነገሯቸው ማርቲን ናቸው። ያንን ክፍል ማን ጠላው? ከመጀመሪያው ሲዝን ጀምሮ ስንሰማው የነበረ አንድ ቃል ምክንያት አገኘ፤ ተመልካችም አለቀሰ።

በተቃራኒው መጽሐፍ እያለ የተበላሸው የአርያ ታላቅ እህት የሳንሳ ጉዳይ ነው። በመጽሐፉ ለራምዚ ቦልተን የምትዳረው የዊንተርፌል መጋቢ ልጅ ጄይን ፑል ናት፤ «አርያ ስታርክ» ተብላ በሐሰት ትሰጣለች። አጭበርባሪዎቹ ራሳቸው ሥልጣኑን የያዙት ላኒስተሮች፣ የነታይዊን ቤተሰብ፣ ስለሆኑ ነገሩ በፖለቲካ ያስኬዳል። ሲዝን 5 ጄይንን አውጥቶ ሳንሳን በቦታዋ አስገባ። ሳንሳ በዚያ ሰዓት በንጉሥ ግድያ የምትፈለግ ናት፤ ቦልተኖች ሰሜኑን የያዙት ደግሞ በላኒስተሮች ፈቃድ ነው። እሷን ለልጅ መዳር ማመፅ ማለት ነው። ሳንሳን በእጁ ያስገባው፣ በየእርምጃው አሥር ጊዜ የሚያሰላው ሴረኛ ሊትልፊንገርም ያለችውን ትልቅ ካርታ የራምዚን ጠባይ እንኳ ሳያጠና አሳልፎ ሰጠ። የሰርጉ ሌሊት ትዕይንት በሜይ 2015 ሲተላለፍ ቁጣው ከአድናቂዎች አልፎ የዚያን ጊዜዋ የአሜሪካ ሴናተር ክሌር ማካስኪል ድራማውን ማየት እንዳቆሙ በይፋ እስከ መናገር አደረሳቸው። ብዙዎች የተቆጡት በጭካኔው ነው፤ ተገቢም ነው። መጽሐፉን የሚያውቁት ግን «ማን፣ ለምን፣ ምን ሊያገኝ?» ብለውም ጠይቀዋል።

ስለ መጨረሻዎቹ ሁለት ሲዝኖች ብዙ ስለተባለ አላረዝምም። ከሲዝን 1 እስከ 6 እያንዳንዱ 10 ክፍል ነበረው፤ ሲዝን 7 በ7፣ ሲዝን 8 በ6 ክፍል ተጠናቀቀ። ኤችቢኦ ቢጨመር ደስ ይለው እንደነበር ቤኒኦፍ ራሳቸው ተናግረዋል፤ 73 ሰዓት ይበቃል ያሉት አዘጋጆቹ ናቸው። በሲዝን 8 ሁለት ተከታታይ ክፍሎች ብቻ አንድ ድራገን ይሞታል፣ የዴነሪስ አስተርጓሚ ሚሳንዴይ ትሰየፋለች፣ አማካሪዋ ቫሪስ ከድቶ ይቃጠላል፣ ዴነሪስም የምርኮው ደወል ከተደወለ በኋላ ዋና ከተማውን ታነድዳለች። እዚህ ላይ አድናቂዎች በትክክል ያልተነበቡ ይመስለኛል። የአምስተኛው መጽሐፍ የመጨረሻ የዴነሪስ ምዕራፍ፣ ብቻዋን በሣር ሜዳ ታምማ ስትንከራተት፣ የሰላም ሙከራዋን ትታ ወደ ቤተሰቧ የእሳትና የደም መፈክር ስትመለስ ያሳያል። ስለዚህ አንባቢው የዴነሪስን መጨረሻ አስቀድሞ ይጠረጥር ነበር። ያሳዘነው በ20 ክፍል መሄድ የነበረባት መንገድ በ2 ክፍል መታለፉ ነው። ሲዝኑ በአዲስ ጸሐፊዎች እንደገና ይሠራ የሚለውን አቤቱታ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ፈረመ። በዚያው ዓመት ድራማው 12 የኤሚ ሽልማት ወሰደ። ከተቆጡት መካከል ገንዘብ አዋጥተው ለኤሚሊያ ክላርክ የበጎ አድራጎት ድርጅት የሰጡም ነበሩ፤ ተዋናይቷ በተሰጣት ጽሑፍ ልክ ሠርታለችና።

አንድ የአድናቂዎች ቅሬታ ግን ከድርሰት ጋር አይገናኝም። ሲዝን 8፣ ክፍል 3፣ 82 ደቂቃ የሚፈጀው የሌሊት ጦርነት፣ «ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም» ተባለ። የካሜራ ባለሙያው ፋቢያን ዋግነር ቀረጻው ጨለማ እንዳልሆነ ተከራክረዋል። ከሁለቱም ወገን እውነት አለ። ጥቁርና ግራጫ የሚቀራረቡበት ምስል በጣም ሲጨመቅ ጥላው ወደ አራት ማዕዘን ብሎኮች ይሰባበራል፤ በፍላሽ እየተቀዳ የሚታይ ትንሽ ፋይል ላይ ይብሳል። ዛሬም ሊያየው የሚፈልግ የክፍሉን መብራት ያጥፋ፣ መጋረጃ ይዝጋ፣ ቴሌቪዥኑን «ሲኒማ» ወይም «ሙቪ» በሚለው አማራጭ ላይ ያድርግ፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንና እንደ ክፍሉ ብርሃን ራሱ የሚደበዝዘውን አሠራር ያጥፋ። ብራይትነስ መጨመር አይረዳም፤ ጥቁሩን ግራጫ አድርጎ ብሎኮቹን ያጎላቸዋል።

ወደ ዋናው ነገር ልመለስ፤ ስሕተቱ ከ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» በፊት የነበረውን ዘመን በሚተርከው በ«ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን»ም ተደግሟልና። ይህ ድራማ የተወሰደበት የ2018 መጽሐፍ የተጻፈው እንደ ዜና መዋዕል ነው፤ እርስ በርስ የሚጣረሱ ምንጮችን ይጠቅሳል፤ ሁለተኛ ቅጹ ገና ባይወጣም ለድራማው የሆነው ታሪክ እስከ ፍጻሜው ተጽፏል። በመጽሐፉ ንግሥት ሄሌና ሦስት ልጆች አሏት። ገዳዮች መጥተው ከሁለት ወንዶች ልጆቿ የሚሞተውን እንድትመርጥ ያስገድዷታል፤ ትንሹን ሜይሎርን ትጠራለች፣ እነሱ ግን ታላቁን ይገድላሉ። በጁን 2024 የተላለፈው ሲዝን 2፣ ክፍል 1 ላይ ሜይሎር የለም። ስለዚህ ምርጫው ጠፋ፤ እናቲቱ ወንዱ የትኛው እንደሆነ ብቻ ታመለክታለች። ማርቲን በሴፕቴምበር 2024 ይህን በጽሑፍ ተቹ፤ ጽሑፉን ብዙም ሳይቆይ አነሡት። የተቹበት ምክንያት ሕፃኑ አሳዛኝ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። ሜይሎር በኋላ በሕዝብ እጅ ይሞታል፤ ያ ሞት ለእናቱ ተስፋ መቁረጥ መነሻ ይሆናል፤ የእናቱ ሞት ደግሞ የዋና ከተማውን አመፅ ያቀጣጥላል። አንድ ሕፃን ሲወጣ ሦስት በሮች ያለ ማጠፊያ ቀሩ።

ከአማርኛ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ከዚህ የሚወሰድ ቀላል አሠራር አለ። በአራት የተከፈለ ሰንጠረዥ ይዘርጋ፤ ምዕራፉ፣ የሆነው ነገር፣ ያስከተለው ነገር፣ የሚታጨድበት ምዕራፍ። የማርቲን አምስት መጻሕፍት መቅድምና መደምደሚያቸውን ጨምሮ 344 ምዕራፍ አላቸው፤ የእኛዎቹ ከዚያ በጣም ያንሳሉ፣ ሥራው የሳምንታት ነው። ገጸ ባሕርይ ከመሰረዙ በፊት በአራተኛው ዓምድ ስሙ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ ይቆጠር። አንድም ጊዜ ካልመጣ ያለ ሥጋት ይውጣ። ከመጣ የተሸከመውን ነገር የሚረከብ ሌላ ሰው በስሙ ትይዩ ይጻፍ፤ ረካቢ ካልተገኘ አይሰረዝ።

ዓምድ አዘጋጆቻችሁንም የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከመጽሐፍ የተወሰደ ድራማ ስትገመግሙ «ከመጽሐፉ ይለያል» ብላችሁ አታቁሙ፤ ልዩነቱ የትኛው ክፍል ላይ እንደሆነና ከዚያ በኋላ ምን ያለ ምክንያት እንደቀረ ጻፉልን።

መጽሐፎቹን አሁን ለመጀመር ለሚያስቡ ደግሞ፣ አራተኛውና አምስተኛው መጽሐፍ በአብዛኛው በአንድ ጊዜ የሚሆኑ ነገሮችን በቦታ ከፍለው የያዙ ናቸው። ሁለቱን አቀላቅሎ በጊዜ ቅደም ተከተል ለማንበብ የሚያስችሉ ዝርዝሮችን አድናቂዎች አዘጋጅተዋል። ለሁለተኛ ንባብ ጥሩ ናቸው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን እንደታተሙበት ቅደም ተከተል ይነበቡ። በአራተኛው መጽሐፍ ሳም በመርከብ ላይ አብራው የምትጓዘው ጊሊ ለምን ማልቀስ እንደማታቆም አያውቅም፤ ቀስ ብሎ ይደርስበታል፣ አንባቢውም አብሮት። በአምስተኛው የጆን ሁለተኛ ምዕራፍ ግን ምክንያቱ ፊት ለፊት ይታያል። ያንን አስቀድሞ ያነበበ ሰው የሳምን መርከብ የሚሳፈረው መልሱን ይዞ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የዘወትር አንባቢያችሁ