የ6.13 ከርነል የሙከራ ቅጂ ለቢሮ አይጫን፣ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ግን ይሞከር

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ የቴክኖሎጂ ዓምድ ላይ ስለ ሊኑክስ ከርነል 6.13 የቀረበውን ዜና በጥሞና አነበብኩት። በአማርኛ ጋዜጣ ስለ ከርነል የተጻፈ ነገር ማግኘት ብርቅ በመሆኑ ጸሐፊውን ላመሰግን እወዳለሁ። ይሁን እንጂ ዜናው አዲሱ ከርነል ወጥቷል ካለ በኋላ አንባቢው ሳይዘገይ በኮምፒውተሩ ላይ እንዲጭነው መምከሩ መታረም ያለበት ስሕተት ነው። እሑድ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ይፋ የሆነው 6.13 ራሱ ሳይሆን የእርሱ የመጀመሪያ የሙከራ ቅጂ፣ የሙያው ሰዎች አርሲ1 የሚሉት ነው። ልዩነቱ የስያሜ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለመጻፍ ባልተነሣሁ ነበር።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ከርነል በኮምፒውተሩ አካልና በምንጠቀምባቸው ፕሮግራሞች መካከል ሆኖ ሜሞሪውን፣ ዲስኩን፣ የኔትወርክ ካርዱንና የቀረውን ሁሉ የሚያስተዳድር የኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው። ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ በሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1991 ጀመረው፤ ዛሬ በየኪሳችን ባሉት የአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ የሚሠራውም ይኸው ከርነል ነው። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም ሰው ሊያነበው፣ ሊያሻሽለውና የተሻሻለውን መልሶ ሊያከፋፍለው ይችላል።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። 6.12 ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያህል በር ተከፍቶ ከመላው ዓለም የተዘጋጁ ለውጦች ወደ ዋናው ኮድ ገቡ፤ በአንድ ዙር የሚገባው ለውጥ በአብዛኛው ከአሥር ሺህ በላይ ነው። በሩ ሲዘጋ አርሲ1 ወጣ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ነገር መጨመር አይፈቀድም፤ የሚገባው የተበላሸውን የሚጠግን ብቻ ሆኖ በየሳምንቱ እሑድ በአሜሪካ ሰዓት፣ ለእኛ ደግሞ በአብዛኛው ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት፣ አርሲ2፣ አርሲ3 እየተባለ እስከ ሰባት፣ አንዳንዴም እስከ ስምንት ይዘልቃል። የዚህ ዙር ሙከራ በሰባት ከተወሰነ ዋናው 6.13 የሚወጣው ጥር 11፣ በጥምቀት ዕለት ይሆናል ማለት ነው። እንግዲህ አርሲ1 ከሁሉም ቅጂዎች ያነሰ የተሞከረው፣ አሥር ሺሁ ለውጥ በዋናው ኮድ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ተገናኝቶ የሚታይበት ነው። በነገራችን ላይ፣ በዕድሜ ገፋ ያልን ባለሙያዎች 13 ጎደሎ ቁጥር በመሆኑ ዋናው 6.13ም የሙከራ ይመስለን ይሆናል፤ እስከ 2.5 ድረስ ጎደሎ ቁጥር ለሙከራ፣ ሙሉ ቁጥር ለአገልግሎት የሚል ሥርዓት በእርግጥ ነበረ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2003 መጨረሻ ከወጣው ከ2.6 በኋላ ቀርቷል።

ምክራችሁ ምን እንደሚያስከትል እዚሁ ደብረ ማርቆስ ውስጥ፣ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገኝ አንድ ቢሮ ተጠርቼ ሄጄ አይቻለሁ። አንድ ቅን ወጣት ሠራተኛ ዜናውን አንብቦ የሙከራ ቅጂውን የቢሮው ፋይሎች በሚቀመጡበት ኮምፒውተር ላይ ጭኖታል። ከርነሉ ራሱ ያለ ችግር ተነሥቷል፤ የዋይፋዩ ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉ መሣሪያውን የሚያዝበት ፕሮግራም፣ ግን ከከርነሉ ጋር አብሮ የሚመጣ ሳይሆን ለብቻው ተጭኖ የነበረ በመሆኑ ከአዲሱ ከርነል ጋር ሊገጥም አልቻለም፤ ኮምፒውተሩም ከኔትወርኩ ወጣ። መፍትሔው አጥፍቶ ማስነሣትና ሲነሣ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ የቀድሞውን ከርነል መምረጥ ብቻ ነበር፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ግን ቢሮው ግማሽ ቀን ሥራ ፈትቶ ዋለ። ልጁን አልወቅሰውም፤ ያደረገው የታተመውን ነው።

ከዚህ ተነሥቶ የሙከራ ቅጂ አይነካ የሚል ሰው ካለ ግን እርሱም ተሳስቷል፤ ደብዳቤዬን በእርማት ብቻ ያልጨረስኩትም ለዚህ ነው። በዚሁ በ6.13 ውስጥ ከገቡት ለውጦች መካከል ዜናችሁ ያልጠቀሰው አንድ ትልቅ ነገር አለ፦ ራይዘር ኤፍኤስ የሚባለው የፋይል አያያዝ ሥርዓት ከከርነሉ ሙሉ በሙሉ ተነቅሎ ወጥቷል። ይህ ሥርዓት ወደ ከርነሉ የገባው እ.ኤ.አ. በ2001 ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ሱሰ የሚባለውን የሊኑክስ ስርጭት (ከርነሉን ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር አሰናድቶ የሚያቀርብ ጥቅል) የጫነ ሰው ሌላ ካልመረጠ በቀር ዲስኩ የሚዘጋጀው በእርሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 የከርነሉ ሰዎች አሁንም የሚጠቀምበት ማን እንዳለ ጠይቀው፣ እንደሚወጣም አስቀድመው አስጠንቅቀው ነበር። ከጎጃም መልስ የሰጠ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ጥያቄው መጠየቁንም የሰማ አልነበረም። ከዚህ በፊትም 386 የሚባለው ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው በ3.8፣ ኢታኒየም የሚባለው ደግሞ በ2024 መጀመሪያ በወጣው በ6.7 ድጋፋቸው ተቋርጧል። ውሳኔዎቹ በክፋት የተሰጡ አይደሉም። የማይሞከር ኮድ መበላሸቱ ስለማይታወቅ፣ ተጠቃሚ ነኝ የሚልና የሚፈትሽ ሰው ሲጠፋ ከማስወገድ ሌላ አማራጭ አይኖርም። ነገር ግን ዝምታ እንደ ስምምነት በሚቆጠርበት ጉባኤ ውስጥ ዝም ያልነው እኛ መሆናችንን ማወቅ ይገባናል።

የእኛ ኮምፒውተሮች ደግሞ ኮዱን የሚጽፉት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ የሚገኙት አይደሉም። በየትምህርት ቤቱና በየወረዳ ጽሕፈት ቤቱ ያሉት ያገለገሉ ሆነው የገቡ፣ በእርዳታ የመጡ፣ አንዱ ክፍል ሲሞት ከሌላው ተነቅሎ የተተካላቸው ናቸው። ይህንንም የሚያባብስ ጊዜ እየመጣ ነው፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. እንደሚያቆም አስታውቋል፤ ዊንዶውስ 11ን መሸከም የማይችለው አሮጌ ኮምፒውተር ሁሉ ከዚያ ወዲያ ወይ ያለ ጥበቃ ይቀራል፣ ወይ ወደ ሊኑክስ ይዞራል። የአዴት ግብርና ምርምር ማእከል አንድን ዝርያ ለገበሬው ከማከፋፈሉ በፊት በማእከሉ መሬት ላይ ብቻ ሞክሮ አይለቀውም፤ ደጋውንም ቆላውንም፣ አፈሩ ጎምዛዛ የሆነውንም ማሳ ያያል። ከርነሉም በእኛ ማሳ ላይ ሊሞከር ይገባዋል፤ ይህን ማድረግ የሚችለው ግን ባለማሳው ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የፊደላችን ነገር አለ። የግዕዝ ፊደል የዓለምን ፊደላት ለኮምፒውተር በአንድ ሥርዓት በሚመዘግበው በዩኒኮድ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 ውስጥ ገብቷል፤ ጎሃ የሚባል ለሊኑክስ ኮንሶል የተዘጋጀ የግዕዝ ቅርጸ ፊደልም አለ። ኮንሶል የምለው መስኮትና ሥዕል ሳይመጣ ከርነሉ ራሱ ጽሑፍ የሚያሳይበትን ጥቁር ገጽ ነው። ይህ ገጽ በአንድ ጊዜ ሊይዝ የሚችለው ቢበዛ 512 የፊደል ቅርጽ ነው። የላቲኑ ፊደል በዚህ ወሰን ውስጥ ተዝናንቶ ይኖራል፤ የእኛ ግን ከሦስት መቶ በላይ በመሆኑ ከላቲኑና ከምልክቶቹ ጋር ተጣብቦ ነው የሚገባው። በከርነሉ የኮንሶል ኮድ ላይ በሚደረግ ለውጥ ይህ ቢሰናከል በፖርትላንድም ሆነ በበርሊን ያለ ሞካሪ አያስተውለውም፤ የእርሱ ፊደል አልተነካማ። አርሲ1ን በአማርኛ ኮንሶል አስነሥቶ ሀሁውን የሚያይ አንድ ተማሪ በዚህ ጉዳይ ከማንም የተሻለ ሞካሪ ነው።

የባሕር ዳር፣ የደብረ ማርቆስና የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች የኮምፒውተር ትምህርት ክፍሎች ይህን ሥራ በቀላሉ ሊጀምሩት ይችላሉ ብዬ አምናለሁ። የሚጠይቀው ገንዘብ ሳይሆን ሥርዓት ነው። የከርነሉ ኮድ ከነሙሉ ታሪኩ ብዙ ጊጋባይት ስለሚሆን እያንዳንዱ ተማሪ ከውጭ ያውርደው ማለት በእኛ ኢንተርኔት የማይሆን ነገር ነው፤ አንድ ቅጂ በግቢው ሰርቨር ላይ ከተቀመጠ ግን የቀረው ሁሉ በውስጥ ኔትወርክ ይቀዳል፣ በየሳምንቱም የሚመጣው ልዩነቱ ብቻ ነው። በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሙሉውን ከርነል መገንባት ረጅም ሰዓት ይፈጃል፣ መብራት ከሄደም ያው ነው፤ ነገር ግን ከርነሉ በዚያ ኮምፒውተር ላይ በሥራ ላይ ያሉትን ድራይቨሮች ብቻ ለይቶ የሚያዘጋጅ ትእዛዝ ስላለው ሥራው እጅግ ይቀላል። የቀድሞው ከርነል እንዳለ ይቀመጣል፤ አዲሱ እምቢ ካለ ተመልሶ በእርሱ መነሣት ነው። አስፈላጊ ፋይል ያለበት ዲስክ ግን ለዚህ ሥራ አይቅረብ።

አንድ ነገር ተበላሽቶ ሲገኝ ደግሞ ትምህርቱ እዚያ ላይ ይጀምራል። ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ጊት የሚባለው የኮድ መዝገብ፣ ደህና በነበረው ቅጂና በተበላሸው መካከል ያሉትን ለውጦች እኩል እየከፈለ የጥፋቱን ምንጭ እንድንፈልግ ያስችለናል። ተማሪው መካከል ላይ ያለውን ገንብቶ ያስነሣል፤ ደህና ከሆነ ጥፋቱ ከዚያ በኋላ ነው፣ ካልሆነ ከዚያ በፊት፤ ከዚያም የቀረውን እንደገና ለሁለት ይከፍላል። በዚህ መንገድ አሥር ሺህ ለውጥ ቢኖር እንኳ በአሥራ አራት ሙከራ ጥፋተኛው አንድ ለውጥ ተለይቶ ይወጣል። የአልጎሪዝም ትምህርት በሰሌዳ ላይ ሲሰጥ የሚያንቀላፋ ተማሪ በዚህ ላይ አያንቀላፋም። ውጤቱ ለሚመለከተው ኃላፊ በግልጽ ከተጻፈ ደግሞ ሰሚ አያጣም፤ ትናንት ይሠራ የነበረ ነገር በአዲስ ከርነል ምክንያት መሥራት ካቆመ ጥፋቱ የከርነሉ ተደርጎ እንዲቆጠር ቶርቫልድስ አጥብቆ የያዘው ደንብ ነው። ጻፊው ከኋላው የታወቀ ድርጅት ይኑረው ወይም አይኑረው የሚጠየቅበት ቦታ አይደለም።

አሮጌው ከርነል አሮጌውን ኮምፒውተር ካሠራ ለምን ይነካል የሚል መከራከሪያ ከሥራ ባልደረቦቼ ዘንድ ዘወትር እሰማለሁ። ለጊዜው ያስኬዳል፤ እስከ መጨረሻው ግን አያስኬድም። ከላይ ጥምቀትን አንስቼ ነበርና፣ ሌላ ጥምቀት ልጥቀስ፦ ባለ 32 ቢት የሚባሉት የቆዩ ሥርዓቶች ጊዜን በሰከንድ የሚቆጥሩበት ቁጥር ወሰኑ ላይ የሚደርሰው ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ላይ ነው። ከዚያች ቅጽበት በኋላ ያልታረመው ኮምፒውተር ቀኑን ወደ 1894 ዓ.ም.፣ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ይመልሰዋል። በከርነሉ በኩል ያለው እርማት ለ32 ቢት ኮምፒውተሮች የተሟላው እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው በ5.6 ነው፤ ከእርሱ በፊት ባለው ላይ የቆመ ባለ 32 ቢት ኮምፒውተር ያን ቀን አይሻገርም። ስለዚህ አሮጌ ኮምፒውተር ያለው ሰው አዲስ ከርነል ያስፈልገዋል፤ አዲሱ ከርነል በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ደግሞ በሙከራው ጊዜ ያ ዓይነት ኮምፒውተር መኖር አለበት።

ዝግጅት ክፍሉን የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ለቢሮና ለአገልግሎት ኮምፒውተሮች የሚሆነው አርሲ1 ሳይሆን የሚጠቀሙበት የሊኑክስ ስርጭት ራሱ አረጋግጦ የሚልከው ከርነል መሆኑን በሚቀጥለው እትም እንዲገልጽ ነው። ሁለተኛው፣ ስለ ራይዘር ኤፍኤስ መውጣት አንባቢው እንዲያውቀው እንዲያደርግ ነው። በእኛ አቆጣጠር በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠናዎቹ ዓመታት የተጫነ ሰርቨር ወይም ከዚያ የተነቀለ ዲስክ በግምጃ ቤት ያስቀመጠ መሥሪያ ቤት ካለ፣ ዲስኩን የሚከፍትለት የመጨረሻው ከርነል 6.12 ነው፤ ይህም ለረጅም ጊዜ የሚደገፍ ተብሎ ስለተመረጠ ፋይሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ለመገልበጥ በቂ ጊዜ አለ፤ ነገር ግን እነዚያ ዲስኮች ራሳቸው ሃያ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋልና ባይዘገይ ይመረጣል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም
ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.